አልፈራሁም ያለችው ልብስ ሰፊ

አንዲት እታለማሁ የምትባል ልብስ ሰፊ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ትኖር ነበር። እናቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት አባቷ አቶ ገሠሠ ናቸው። አቶ ገሠሠ የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ልጃቸውን ደጋግመው የሚመክሯትም አንድ ነገር ነበር፤ «ሰው ፊት አትፍሪ። ብትፈሪም አታሳዪ። የፈራ ሰው ላይ ሁሉም ይነሣበታል።» እሷም እንዲሁ ሆና አደገች። ገበያ ላይ ሲያመናጭቋት መልሳ ታመናጭቃለች፤ ሲያስፈራሯት ትስቃለች።

በዚያው ከተማ ይርጋ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ወደድኳት እያለ ማስወራት ጀመረ። እንደማትፈልገው በግልጽ ነገረችው። እሱ ግን እምቢታዋን እንደ ጨዋታ ቆጠረው። ሱቋ ደጃፍ እያቆመ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ቁጭ ብሎ ያያታል። እሷም የእሱን ባጃጅ መሳፈር ተወች።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ዝናብ ያዛትና ፊት ለፊቷ የቆመ ባጃጅ ውስጥ የሾፌሩን ፊት ሳታይ ዘላ ገባች። ይርጋ የጓደኛውን ባጃጅ ተውሶ ኖሯል። ሰፈሯ ስትደርስ «ወራጅ አለ» አለች። አላቆመም። በመስተዋቱ የሾፌሩን ፊት ያየችው ያን ጊዜ ነው።

«ይርጋ፣ አቁም።»

«ዛሬ እሺ ሳትዪኝ አትወርጂም» አለና ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ለቀቀው። መንገዱ ረጥቧል። ባጃጁ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ገደሉ ያጋድላል።

«ከፈለግሽ ዝለዪ» አላት ወደ ኋላ ሳይዞር። «ካልሆነ እሺ በዪ። እምቢ ካልሽ አብረን ገደል እንገባለን። ለእኔ ምንም አይደለም።»

እታለማሁ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። በሕይወቷ እንዲያ ፈርታ አታውቅም። በመጨረሻ «እሺ» አለች።

አቆመ። ወደ ኋላ ወንበር መጥቶ ሳማት፤ እጁንም ልብሷ ውስጥ ሰደደ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ እየነዳ ደጇ ድረስ አደረሳትና «ሂሳብ የለብሽም» አላት።

በማግሥቱ ከሰሰችው። ዐቃቤ ሕጉ ቃሏን ሰምቶ ሲያበቃ ነገሩን አስረዳት። «ዛቻ ወንጀል የሚሆነው ሰውን የሚያስደነግጥ ሲሆን ነው። የነካሽ ያለ ፈቃድሽ መሆኑንም ማሳየት አለብን። የሁለቱም መሠረት ፍርሃትሽ ነው። ሲጠይቁሽ የሆነውን እንደሆነው ተናገሪ።»

«እናገራለሁ» አለች።

የችሎቱ ዕለት አባቷ ፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ይርጋ ቆሞ ያያታል። አይስቅም፤ ከአፏ የሚወጣ አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። ዝናቡን፣ ቁልቁለቱን፣ ያላትን ሁሉ ሳትደናቀፍ ተናገረች። ዳኛው አዳምጠው ሲጨርሱ ጠየቋት።

«ያን ጊዜ ፈርተሽ ነበር?»

አባቷን አየች። ይርጋን አየች። ፈራሁ ብትል ይህ ሰው ሌላ አንድ ነገር ጨምሮ የሚወስድባት መሰላት።

«አልፈራሁም» አለች።

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። እጇ ግን የነጠላዋን ጥለት ይጠመዝዝ ነበር። ዳኛው እጇን አይተዋል። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ሞከረው፤ እሷም አንዴ ያለችውን ደገመችው። ዳኛው ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ ውጭ ተራ የሚጠብቅ ብዙ ባለጉዳይ ነበር።

ፍርዱ አጭር ሆነ። «ፍጥነቱን የለካ የለም፤ የተጎዳ ሰውም የለም። ዛቻው እንዳላስፈራት ራሷ ተናግራለች። ካልፈራች ደግሞ እሺ ያለችው ተገድዳ ነው ለማለት አይቻልም። ተከሳሹ በነፃ ይሰናበት።»

አባትና ልጅ ከችሎቱ ሲመለሱ አቶ ገሠሠ መንገድ ላይ ቆሙ።

«እውነት አልፈራሽም ነበር?»

«ፈርቼ ነበር አባዬ። ሞቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«አንተ ቁጭ ብለህ እያየኸኝ?»

አቶ ገሠሠ መሬት መሬት አዩ። «እኔ እኮ ዘበኛ ሆኜ ሳልፈራ ያደርኩበት ሌሊት የለም» አሉ። «ጠመንጃዬን አቅፌ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የሚነጋልኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ይርጋ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንዲት ተማሪ አንገቱ የተተረተረ የዩኒፎርም ሸሚዝ ይዛ እታለማሁ ሱቅ መጣች። ማን እንደቀደደው ስትጠየቅ አለቀሰች። ሰውየው ያው ይርጋ ነበር፤ ቁልቁለቱም ያው።

«ተነሺ፣ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ» አለች እታለማሁ። «እኔ እመሰክርልሻለሁ።»

«አንቺ እንኳን አልሆነልሽም እትዬ። እኔ ደግሞ እንዳንቺ አይደለሁም፣ ፈሪ ነኝ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር።»

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ትክ ብላ አየቻት። «እሱን ታዲያ ዳኛው ፊት ነበር ማለት» አለች። «አሁን ማን ያምንሻል?»

እታለማሁ ሸሚዙን ሰፍታ ሰጠቻት። ልጅቷ አልከሰሰችም።

ልጆቻችንን ፍርሃታቸውን ዋጥ አድርገው እንዲይዙ እናስተምራቸዋለን። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሕጉ ያንኑ የዋጡትን አውጥተው እንዲያሳዩ ይጠይቃቸዋል። ያን ጊዜ ጀግንነታቸው የሚጠቅመው ለበዳያቸው ነው። የፈራ ሰው የሚያፍርበት ምንም የለም፤ ማፈር ያለበት ያስፈራው ነው። ይህን ለልጆቻችን ቀደም ብለን ካልነገርናቸው ችሎት ፊት ቆመው ሊማሩት አይችሉም።

እርስዎስ፣ ልጅዎ «ፈራሁ» ብላ ብትመጣ መጀመሪያ የሚሏት ምንድን ነው?