የኤሊ ጀርባ የመሰለው ድንጋይ

በእኛ አካባቢ ሰው የማያውቀውን ነገር ለመግዛት፣ ለማግባት ወይም ለመዋዋል ሲጣደፍ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጉት አንድ አባባል አለ። ዛሬ ዛሬ ወጣቱ ለቀልድ ይለዋል፤ ሰርግ ቤት ሳይቀር ይወረወራል። መጀመሪያ የተባለ ዕለት ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ነገሩ የሆነው በወሎ፣ ሸላ አፋፍ በምትባል የገደል ዳር መንደር ነው፤ የደረሰባትም ሉባባ የምትባል ሴት ናት።

የሸላ አፋፍ ሰው ከእርሻው ሌላ የሚኖረው በድንጋይ ነው። ወንዱ ገደል ወርዶ መስመር ያለውን፣ ባለቀለሙን፣ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር የሆነውን ለቅሞ ያመጣል፤ ሉባባ ደግሞ ታሻለች። በእጇ እየፈተገች አይደለም። ግቢዋ ውስጥ በሁለት ባላ ላይ የተጋደመ በርሜል አለ። ድንጋዩ ከአሸዋና ከውሃ ጋር እዚያ ይገባል፤ ክዳኑ በካላማዳሪ ጎማ ይጠፈራል፤ ከዚያ እጀታውን ይዞ ማዞር ነው። ድንጋይ ከድንጋይ እየተፋተገ፣ ሸካራው እየረገፈ፣ በስተመጨረሻ እንደ እንቁላል ለስልሶ ይወጣል።

ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነበር። «የማታውቂውን ድንጋይ ዝም ብለሽ በርሜል ውስጥ አትክተቺ» ይላት ነበር። «በቢላ ጫፍ ፋቂው፤ አርሰሽ እይው፤ አንኳኪው። እምቢ ካለሽ አደባባይ አውጥተሽ ሰው ጠይቂ።» አንዳንዱ ድንጋይ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ አንዳንዱ ይሰነጠቃል፤ ሌላው አብረውት ያሉትን ሁሉ ሞጫጭሮ ያበላሻል። ሉባባ ይህን የአባቷን ቃል ጥሳ አታውቅም ነበር፤ አህመዲን እስኪመጣ ድረስ።

አህመዲን የባሏ የይመር የአክስት ልጅ ነው። አፉ ቅቤ ነው፤ ግን ቁጭ በል ሲሉት ቆሞ የሚበላ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ የሚሰጥ ችኩል ነበር። ይመር ገደል በወረደበት፣ ትንሿ ልጃቸው ሰሚራም ገና እንቅልፍ በያዛት ጠዋት ከተፍ አለና ከጃኬቱ ሥር አንድ ነገር አወጣ።

ደረቅ ጭቃና ኖራ የመሰለ ቅርፊት ለብሷል። ቅርፊቱ በረገፈበት በኩል ግን ልክ እንደ ኤሊ ጀርባ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የሆነ ጥለት ይታያል። ሉባባ እንዲህ ያለ ጥለት በዕድሜዋ አላየችም። ስትቀበለው ከመጠኑ በላይ ከበዳት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኤሊ ድንጋይ ነዋ! ሉባባዬ፣ ዛሬ አላህ ሰጠን። ከኮምቦልቻ የመጣ ገዢ ከሰዓት በኋላ በዚህ ያልፋል። እስከዚያ ቅርፊቱን አራግፊልኝ፤ የተገኘውን እኩል እንካፈላለን።»

«ከየት አገኘኸው?»

«እሱን አትጠይቂኝ። ሰው ከሰማ ነገ አገሩ ሁሉ ዶማ ይዞ ይወርዳል።»

ቢላዋን አነሳች። አህመዲን እጇን ለቀም አደረጋት።

«እንዳትፍቂው! ጭረት ካየበት ምኑን ይገዛዋል?»

«እንግዲያው ጋሽ ሙህዬን ላሳያቸው። እሳቸው ያልረገጡት ገደል የለም።»

«ለማንም! ለይመርም ቢሆን። በሰሚራ ማይልኝ።»

በልጅ መማል ከበዳት። ግን ሰውየው እንግዳ ነው፤ የባሏ ሥጋ ነው። ደግሞም ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከተኛችበት ድረስ እየገባ ልጅቷን ሲያስላት መክረሙ ትዝ አላት። ቆርቆሮ መለወጫ ብታገኝ ምን ነበረበት? ማለች። የኤሊው ድንጋይ በርሜል ውስጥ ገባ።

በርሜሉ ዘወትር ሲዞር ሸሽ፣ ሸሽ ይል ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ደረቅ ድምፅ ተጨመረበት። ቋ! ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ቋ! ድምፁ በእጀታው በኩል አልፎ ክርኗ ድረስ ይሰማታል።

«ድንጋይ እንዲህ አይጮህም» አለች።

«ትልቅ ስለሆነ ነው። አዙሪ በይ፣ ጊዜ የለንም!»

እሷም አዞረች። ቆይታ ውሃ ለመለወጥ ክዳኑን ብታላላው በቦዩ የወረደው ውሃ እንደ ደም የቀላ ሆነ። ሉባባ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አህመዲን ግን እጁን አጨበጨበ፦ «ቀይ ነው ማለት ነው! ቀይ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።»

መልሳ ከደነችና ማዞሯን ቀጠለች። ምን እንደፈራች አታውቅም፤ መፍራቷን ግን ታውቃለች። ሰሚራ የተኛችበት ክፍል በር ከበርሜሉ ፊት ለፊት ገርበብ ብሎ ይታያል። ማቆም አማራት፤ አህመዲን አጠገቧ ቆሞ ጎዳናውን እያየ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል። እጇ ዞረ፤ ልቧ ግን ቆሟል።

ቀዩ ውሃ በአጥሩ ሥር ሾልኮ መንገዱ ላይ ወጣ። ጋሽ ሙህዬ ከመስጊድ ሲመለሱ ያንን ውሃ ረገጡ። ጋሽ ሙህዬ በጎልማሳነታቸው ወታደር ነበሩ፤ ግራ እግራቸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያነክሳል። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩ፤ አሸተቱት፤ ወደ ምላሳቸው አስጠጉት። ከዚያም የአጥሩን በር ገፍተው ገቡ።

በርሜሉ ቋ! አለ። ሽማግሌው ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁሚ! ውሃው የብረት ዝገት ነው፤ ድምፁም የብረት ነው።»

ሉባባ እጇን ገታች። «ድንጋይ ነው፣ ጋሼ» አለ አህመዲን ፈጠን ብሎ።

«አንተን አልጠየቅሁም። ሉባባ፣ ምን የመሰለ ነገር ነው ያስገባሽው?»

«ጋሽ ሙህዬ፣ እንዳልናገር በሰሚራ ምያለሁ» አለች።

«በሰሚራ ከማልሽ ስለ ሰሚራ ብለሽ ተናገሪ!»

«የኤሊ ጀርባ ይመስላል። አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ…»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። ወደ አህመዲን ዞሩ። «ከየት ነው ያወጣኸው?»

«ከ… ከአሮጌው ምሽግ ሥር። ጎርፍ የናደው ቦታ ላይ።»

«የእጅ ቦምብ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ እንኳ ፈርተው።

ሉባባ ወደ ሰሚራ በር ልትወረወር ቃጣት። እጀታውን ልትለቅ ስትል ጋሽ ሙህዬ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እንዳትለቂ! ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ወጥቷል። ከለቀቅሽው በርሜሉ ይመለስና ውስጡ ያለው ሁሉ ይወርዳል።»

አህመዲን ዞረ። የበሩን መንገድ እንኳ አልፈለገም፤ በእሾህ አጥሩ ላይ ተወርውሮ ጠፋ።

ሽማግሌው ማገጃ እንጨት ፍለጋ ዓይናቸውን አንከራተቱ። «እሱን ተዉት!» አለች ሉባባ። «መጀመሪያ ልጄን!»

እያነከሱ ገቡና ሰሚራን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወጡ። ልጅቷ ነቅታ እናቷን ስታይ እጇን ዘረጋች፤ «እማ!» ብላ አለቀሰች። ሉባባ ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ቀና ብትል እጇ የሚላላ መሰላት። «ሂዱ» አለች በጥርሷ መሃል። ጋሽ ሙህዬ «ውጡ! ከቤት ውጡ!» እያሉ ጎረቤቱን ሲጣሩ ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ብቻዋን ቀረች። በበርሜሉ ሆድ ውስጥ አንዲት ጠጠር ስትንሸራተት ሰማች፤ ከዚያ አሸዋው ሸሸት ሲል። ዝንብ መጥታ ከንፈሯ ላይ አረፈች፤ እፍ ለማለት እንኳ ፈራች። ክንዷ መጀመሪያ ነደደ፤ ቀጥሎ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ የሷ መሆኑን ተጠራጠረች። ሽማግሌው ይመለሱ ይሆን? ያረጀ ሰው ናቸው፤ አካለ ስንኩል ናቸው፤ ልጇን አድነውላታል። ቢቀሩም አልፈርድባቸውም ስትል አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ያ ረቢ፣ አይቅሩብኝ» አለች።

የሚያነክሰው እግር ኮቴ ተሰማት።

ጋሽ ሙህዬ ግንድ ታቅፈው ነበር የመጡት። «ልጅሽ ከጉብታው ማዶ ናት» አሉና ተንበረከኩ። ግንዱን በርሜሉ ሥር ሲያስገቡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ላባቸው ግን በጢማቸው ይንጠባጠባል። በወዲያ በኩል ድንጋይ ደገፉበት። «አሁን ልቀቂ።»

ጣቶቿ እምቢ አሏት። አንድ በአንድ አላቀቁላት። «እንዳትሮጪ» አሏት፤ ጎን ለጎን ሆነው፣ ሬሳ እንደተሸከመ ሰው በዝግታ ከግቢው ወጡ። ሉባባ አጥሩን እንዳለፈች መሬት ላይ ተዘረጋች።

ለወረዳው ተነገረ፤ በማግስቱ ባለሙያዎች መጡ። ሕዝቡን ጉብታው ላይ አስቁመው ቦምቡን እዚያው ባለበት አፈነዱት። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ ደጋግሞ መለሰው። በርሜሉም፣ ባላዎቹም፣ የሉባባ ቤት የፊት ግድግዳም አብረው ሄዱ። ከገደል የተመለሰው ይመር ሚስቱንና ልጁን አንድ ላይ አቅፎ አቧራው ሲነሳ አየ።

አህመዲንም ያን ቀን ሰው መሃል ተደብቆ ቆሞ ነበር። ፍንዳታው ሲሰማ ዘሎ መሮጥ ጀመረ። አንዱ ጎረምሳ ክንዱን ያዘውና «ምነው፣ በጉያህ አቅፈህ ያመጣኸውን ዛሬ ወዴት ትሸሸዋለህ?» አለው። ማንም አልሳቀም።

«ተዉት» አለች ሉባባ፣ ያ ክንዷ ገና አልዘረጋ ብሏት ደረቷ ላይ እንደታጠፈ። «እሱ ቢያመጣው ያሸሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሙህዬ ጭሱን እያዩ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አድርገው፣ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ሳይለዩ ያሹትን ሲለዩት ይሸሹታል» አሉ።