ሽንኩርቱን ማን አስወደደው?

ጆሮ ያላችሁ ተጠጉ፣ ጆሮ የሌላችሁም ተበደሩና ተጠጉ። በአንድ አውራጃ፣ ጎሽ ውኃ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቃጫ ገመድ እየገመደች ትሸጣለች። ገመዱ ሲሸጥ ትበላለች፣ ሳይሸጥ ሲቀር ጾም ነው ትላለች።

ዘርፌ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ባለፈው ወር ጽዋውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ወስዳለች፤ ጽዋ የወሰደ ሰው ደግሞ ተራው ሲደርስ ይደግሳል እንጂ ይለፈኝ አይልም። ቀኑ ነገ ነው። ጠላው ደርሷል፣ ምስሩ ተለቅሟል፣ በርበሬውም አለ። የጎደላት ሽንኩርት ብቻ ነው። ያለ ሽንኩርት ወጥ ሠርታ ብታቀርብ ማኅበርተኞቹ በፊቷ ይጣፍጣል ይሏታል፤ ደጅ ሲወጡ ግን ለዓመት የሚበቃ ወሬ ይዘው ይሄዳሉ።

ያልተሸጠ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ገበያ ወጣች። ሽንኩርት ሻጩ አያ ይርዳው ዋጋውን ሲነግራት፣ መቀነቷ ላይ የቋጠረችው ብር ለግማሹም አልበቃ። ቀንስልኝ ብላ ለመነችው።

«እኔ ምን ላድርግ እታለም፤ ጋሪው ነው የጨመረብኝ» አላት። «ጋሪው ካልረከሰ ሽንኩርቱ አይረክስም።»

ሽንኩርቱ ካልረከሰ ደግሞ የዘርፌ ድስት አይጣድም።

ወደ ጋሪ ነጂው ወደ ሞላልኝ ሄደች። ሞላልኝ ክፉ ሰው አይደለም። ፈረሱን አሳያት፤ ጎድኑ ተቆጥሮ ያልቃል። ይኼ ፈረስ ሣር እንጂ ምክር አይበላም፣ ሣሩም ተወዷል አላት። እንግዲህ ሣሩ ካልረከሰ ጋሪው አይረክስም፣ ጋሪው ካልረከሰ ሽንኩርቱ አይረክስም፣ ሽንኩርቱ ካልረከሰ የዘርፌ ድስት አይጣድም።

ወደ ሣር ሻጯ ወደ ላቀች ሄደች። ላቀች ወገቧን ይዛ ተቀበለቻት። ሣር በጥርስ አይታጨድ፣ ማጭድ መግዣ ደግሞ ከየት ይምጣ አለች። እንግዲህ ማጭዱ ካልረከሰ ሣሩ አይረክስም፣ ሣሩ ካልረከሰ ጋሪው አይረክስም፣ ጋሪው ካልረከሰ ሽንኩርቱ አይረክስም፣ ሽንኩርቱ ካልረከሰ የዘርፌ ድስት አይጣድም።

ወደ ቀጥቃጩ ወደ አያ ድልነሳ ሄደች። አያ ድልነሳ ወናፉን ሳያቆም አዳመጣትና ወደ ምድጃው በአገጩ ጠቆመ። ብረት በትንፋሽ አይግልም፣ ከሰሉ ነው ያቃጠለኝ አለ። እንግዲህ ከሰሉ ካልረከሰ ማጭዱ አይረክስም፣ ማጭዱ ካልረከሰ ሣሩ አይረክስም፣ ሣሩ ካልረከሰ ጋሪው አይረክስም፣ ጋሪው ካልረከሰ ሽንኩርቱ አይረክስም፣ ሽንኩርቱ ካልረከሰ የዘርፌ ድስት አይጣድም።

አሁንስ ዘርፌ ተናደደች። ይህን ሁሉ መከራ ያመጣችው ከሰል ሻጯ ብርቄ ናት ብላ፣ የምትናገረውን በልቧ እየደረደረች ሄደች። ደርሳም አወረደችባት፤ ለድኻ የማታስቢ፣ ሆድሽ የማይጠረቃ አለቻት። ብርቄ የከሰል ጆንያዎቿን አሳየቻት። የሁሉም አፍ የሚታሰረው በገመድ ነው።

«ገመዱ ካልረከሰ ከሰሉ አይረክስም» አለች።

«ገመዱንስ ማን አስወደደው?»

«አንቺ ነሻ፣ እታለም።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። እውነትም ሽንኩርት የተወደደ ሰሞን ዘርፌ በገመዷ ላይ ጨምራ ነበር። ገዢ ሲያጉረመርም፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሽንኩርቱ ነው ትል ነበር። አፈረች። ከማፈሯም በላይ ፈራች፤ እሷ ቀንሳ ሌላው ባይቀንስ ገመዱም ሽንኩርቱም ሊቀሩባት ነው። የነገው ማኅበር ፊቷ ድቅን አለባት። ግን ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። ገመዱን ከትከሻዋ አውርዳ ብርቄ እግር ሥር አኖረችው።

«በዱሮው ዋጋ ውሰጂው» አለች። «አንድ ሰው መጀመር አለበት።»

ብርቄ ገመዱን አልነካችውም። በጎሽ ውኃ ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ያየ የለምና፣ የረከሰ ነገር ሁሉ የተበላሸ ይመስላቸዋል። በኋላ አነሳችው፣ አሸተተችው፣ በእግሯ ረግጣ በሁለት እጇ ሳበችው። ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ብርቄ ሳቀችና የዱሮውን ዋጋ ከፍላ ተቀበለችው።

ገመዱ ሲረክስ ከሰሉ ረከሰ። አያ ድልነሳ ከሰሉ እርጥብ ነው ብሎ ጠረጠረ፣ ግን ነደደ። ከሰሉ ሲረክስ ማጭዱ ረከሰ። ላቀች ማጭዱ ዶልዱሟል ብላ ጠረጠረች፣ ግን አጨደ። ማጭዱ ሲረክስ ሣሩ ረከሰ። ሞላልኝ ሣሩ ሻግቷል ብሎ ጠረጠረ፤ ፈረሱ ግን ሳይጠረጥር በላ። ሣሩ ሲረክስ ጋሪው ረከሰ፣ ጋሪው ሲረክስ ሽንኩርቱ ረከሰ። ዘርፌ በየደጁ ነገሩን ስታስረዳ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ገበያው ሊበተን ሲል አያ ይርዳው ፊት ቆመች።

የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታች። ብሩ በቃ። አያ ይርዳው ሚዛኑን አስተካክሎ መዘነላት፤ ከዚያ ሁለት ሽንኩርት አነሳና በላዩ ጣለ። ምርቃት ነበር። ኑሮ ከተወደደ ወዲህ በዚያ ገበያ ምርቃት የሰጠም የተቀበለም አልነበረም። ዘርፌ ሽንኩርቱን ገና ሳትከትፈው አለቀሰች።

በማግስቱ ድስቷ ተጣደ። ተረቴን ለሰማም ላልሰማም አውሩ፤ ለእኔ ግን ከምስሩ ወጥ ጨለፍ አድርጉልኝ።