ጸጥታ የወደደው ፊታውራሪ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፣ የአንዲት ምላሰኛ ጠላ ሻጭ ነገር ላውጋችሁ። ያገሯ ገዥ ፊታውራሪ ይመር አዋጁን የሚያስተላልፈው በከበሮ ነበር። አንዱ ኮረብታ ላይ ያለው ጠባቂ ሲመታ የሚቀጥለው ሰምቶ ይመታል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ቆላ ድረስ ያወርዱታል። ታዲያ ከኮረብታ ኮረብታ የሚሰማው ድምፅ ስልል ያለ ነው።

«ከበሮዬን የሚውጠው የጠላ ቤት ጫጫታ ነው!» አለ ፊታውራሪና በየኮረብታው ሥር ያለውን ጠላ ቤት ሁሉ አዘጋ። አገሩ ጭር አለ፤ ውሻው እንኳ ለመጮህ አፈረ።

በማግስቱ ከበሮው ተመታ። ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ሲደርስ ቀረ። ፊታውራሪ ጦፈ፤ ከዚያ ኮረብታ ሥር ጠላ ቤቷ የተዘጋባትን ያችን ሴትዮ ሰው በተሰበሰበበት አስጠራ።

«አስደግመሽብኝ ነው! ጫጫታው ጠፍቶ ከበሮዬ ለምን ቀረ? ካልመለስሽ ቤትሽ ይፈርሳል!»

«ጌታዬ፣ በጸጥታው ጠባቂዎ ተኝቶ ነው፤ የሩቅ ከበሮ ደግሞ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። ጠባቂዎን በግማሽ የሚያነቃው የእኛ ሁካታ ነበር፤ የቀረውን ግማሽ ነው ከበሮዎ የሚጨርሰው።»

«ውሸታም! ማንም ትንፍሽ እንዳይል፤ እኔ ብቻ ልናገር!» ብሎ ስለ ጸጥታ ጥቅም ይሰብክ ጀመር። ሰዉ ሁሉ ጸጥ። እሷም እጇን አጣጥፋ ጸጥ። እኔ ብሆን አልችለውም! ትንሽ ቆይቶ ከፊታውራሪ ኋላ ማንኮራፋት ተሰማ። የገዛ ጋሻ ጃግሬው ነው፣ ቆሞ ተኝቷል።

«ይኸው ጌታዬ፣» አለች፣ «አጠገብዎ ያለውን እንኳ ድምፅዎ አላነቃውም። ጠላ ቤቴን ልክፈትልዎ?»