በሳሙና የተወተፈው ሞተር

አንድ ባለሞተር ነበር፤ አንሙት ይባላል። በቀበሌው ከእሱ በቀር ሞተር ያለው ሰው ስላልነበረ ሙሽራም፣ ምጥ የያዛትም፣ ለእርቅ የተጠራ ሽማግሌም የሚጓዘው በእሱ ሞተር ጀርባ ላይ ነው። አንዴ አምስት ሰው፣ አንድ ፍየልና አንድ ቁም ሳጥን ጭኖ ዳገት ሲወጣ ታይቷል። ፈርቶ የወረደው ፍየሉ ብቻ ነው።

ይህ ሞተር አንድ ሰሞን ቤንዚን ማፍሰስ ጀመረ። ከካርቡሬተሩ ሥር በተንጠለጠለችው ቀጭን ቱቦ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንሙት መጀመሪያ ናቀው። እየዋለ ሲያድር ግን ከሥሩ የሚርመሰመሱት ጉንዳኖች ሰክረው ሰልፋቸውን ሳቱ። የጎረቤት ዶሮም ከሥሩ ካቆረው ቤንዚን ቀመሰችና በማግስቱ እንቁላል ጣለች። ያንን እንቁላል እሳት ላይ ሊጥድ የደፈረ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ነገሩ ሳቅ ሆኖ በቀረ ነበር፤ አንሙት ግን እናት አለው። እናቱ እማማ እንጉዳይ ዓይናቸው ለዓመታት ውሃ ያፈሳል። ክረምት በጋ አይልም። አንሙት እናቱን የሚወድ ልጅ ነውና ገበያ በወጣ ቁጥር መሐረብ ይገዛላቸዋል፤ ነጭ፣ አበባ ያለበት፣ ጠርዙ የተጠለፈ። አገሩም «ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» እያለ ያመሰግነዋል። እማማ እንጉዳይ «የሚወጋኝ ነገር አለ» ሲሉ፣ «እርጅና ነው እማዬ፤ እንቺ መሐረብ» ይላል።

በዚያው ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ወረዳው ከተማ መጥተው በነጻ ያክማሉ ተባለ። ወሬው ቀበሌው ዘንድ ሲደርስ ግን የቀረው የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ሐኪሞቹ ማምሻውን ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። ወደ ከተማው መኪና አይወጣም። በእግር እንዳይሄዱ እማማ እንጉዳይ ከደጃፋቸው እስከ አጥራቸው እንኳ በዳበሳ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ያለው ያ የሚያፈስ ሞተር ብቻ ነው።

አንሙት ማለዳ ሞተሩን ጎትቶ አወጣ። ባለሱቁ ታድሎና ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ሳይጠሩ መጡ።

«ሳሙና!» አለ ታድሎ፤ ሳሙና ስለሚሸጥ የሁሉም በሽታ መድኃኒት ለእሱ ሳሙና ነው። «አላቁጠህ ቱቦዋን ወትፋት። ጠብ ካለች ከዚህ አገር እሰደዳለሁ።»

«ልታጥበው ነው ልትጠግነው?» አለ ጎሚስታው። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቀጭን ላስቲክ ቆረጠና ሳሙናው በተወተፈበት ላይ እየጎተተ ጠመጠመው። «ይኸው፤ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሏል።»

ጠብታው ቆመ። ሁሉም አጨበጨበ። አንሙት ስንቁን እስኪቋጥርና እናቱን ደግፎ ከኋላ እስኪያስቀምጥ ሞተሩ ደረቅ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ መነሻውን ረገጠ። መነሻው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ቢረግጠው እግሩ ቋጥኝ የመታ ያህል ተመለሰ።

«ሆዱ ሞልቷል» አለ ጎሚስታው፤ ጎንበስ ብሎ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታ። «በል አሁን ርገጠው!»

አንሙት ቢረግጠው ቤንዚኑ ፊው ብሎ ወጥቶ የጎሚስታውን ጺም ሥሩ ድረስ አጠበው። ጆሮው ላይ የሰካት ሲጋራ ተለኩሳ ቢሆን ኖሮ ጺሙ ቀርቶ ቀበሌው ራሱ ለወሬ ባልተረፈ ነበር። ዘይቱን ከፍተው ቢያዩት ደግሞ በቤንዚን ቀጥኖ እንደ ሻይ ሆኗል። ያቺ ቱቦ የትርፉ መውጫ ነበረች። እሷ ስትዘጋ ቤንዚኑ መውጫ አጣና ወደ ሞተሩ ሆድ ዞረ።

ፀሐይዋ እየወጣች ነው። አንሙት ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሌላ ሳሙና ላምጣ?» አለ ታድሎ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ሳሙናህን ነው የማበላህ!» አለ ጎሚስታው ጺሙን እየጨመቀ።

እማማ እንጉዳይ ከሞተሩ ኋላ ሳይወርዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆች፣ እኔ ስለ ሞተር የማውቀው መቀመጫውን ብቻ ነው። ግን ልጠይቅ፤ የዘጋችሁት የሚፈስበትን ነው ወይስ የሚያስፈስሰውን?»

«ያው አይደል እንዴ፣ እማማ?» አለ ታድሎ።

«ያውማ ቢሆን አንሙት በገዛልኝ መሐረብ ዓይኔ በዳነ ነበር። ውሃው የሚወርደው በጉንጬ ነው። ጉንጬ ምን አጠፋ? የሚወጋኝ ከውስጥ ነው፤ ስንት ጊዜ ተናገርኩ! እስቲ የሱንም ውስጡን እዩለት።»

ጎሚስታው ጺሙን ለቀቀና ተንበረከከ። የቤንዚኑን መዝጊያ አዙሮ ዘጋና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ትንሿን ጽዋ ፈታ። በጽዋዋ ውስጥ በቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፍ ነገር አለች። ቤንዚኑ ሲሞላ እሷ ከፍ ትላለች፤ ከፍ ስትል አንዲት አጭር መርፌ ትገፋና መግቢያውን ትዘጋለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሞላ ሲባል በር መዝጋት። መርፌዋን አውጥቶ ወደ ብርሃን አቅርቦ ቢያያት ጫፏ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞባታል፤ ከሽፋሽፍት የማይወፍር። በሩ በዚያ ክር ምክንያት ገርበብ እያለ ቤንዚኑ ቢሞላም መግባቱን አያቆምም።

«ክር እዚህ ምን ይሠራል?» አለ ጎሚስታው።

አንሙት አንገቱን አከከ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ቆሻሻ አለው ብሎ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ እያጠለለ ነበር የሚሞላው። «እኔ እኮ ስጠነቀቅለት ነው።»

«ተጠንቅቀህ ነዋ የገደልከው!»

ክሩን አነሱ፤ መርፌዋን በንጹህ ቤንዚን አጥበው መለሱ፤ ሳሙናውን ከቱቦዋ አወጡ፤ የቀጠነውን ዘይት ደፍተው በአዲስ ለወጡት። መዝጊያውን ከፍተው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቱቦዋን አዩ። ደርቃለች። ሞተሩ በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳ።

«ሳሙናዬን ግን መልሱልኝ፤ ያው ደህና ነው» አለ ታድሎ።

አንሙት በዚያ ዳገት እንዴት እንደነዳ አይወራም። የራሱ ጥላ ከኋላው ቀርታ ከተማ የገባችው ሲመሽ ነው ይላሉ፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ከሐኪሞቹ አንዷ ዕቃዋን ስትሰበስብ ደረሱ። የእማማ እንጉዳይን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልበጥ አድርጋ አየች። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ይህ ፀጉር ብሌናቸውን ሲፍቅ ነው የኖረው» አለች። «የቀኙን ቆብ አቃናዋለሁ፤ ዓይኑ ይተርፋል። የግራው ግን አልቋል፤ ዛሬ የሚደረግ ነገር የለም። ይህን ያህል ዓመት ውሃ ሲያፈስ ምን ታደርጉላቸው ነበር?»

አንሙት መሬት መሬት እያየ «መሐረብ እገዛላቸው ነበር» አለ።

እማማ እንጉዳይ እጃቸውን ሰድደው የልጃቸውን ክንድ ዳብሰው ያዙ።

«ተወው፣ የኔ ልጅ» አሉት። «መሐረቡ ለስላሳ ነበር።»

ወዳጆቼ፣ የሚፈስ ነገር ስናይ እጃችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ጠብታው ነው። ጠብታው ግን ውስጥ ያለውን ችግር ሊነግረን የወጣ ነው። አፉን ብንወትፈው ወደ ውስጥ ዞሮ ሆድ ይሞላል። በፍቅር ብናብሰው ደግሞ አገር ያመሰግነናል፣ የሚወጋው ግን መውጋቱን አይተውም። ማበስ ደግ ነው፤ የሚጎዳን ያበስን ዕለት የረዳን ሲመስለን ነው። ፈትቶ ማየት እጅ ያቆሽሻል፣ ጺምም ያሳጥባል፤ ሆኖም የቀረውን አንድ ዓይን ያተረፈው እሱ ነው።

በእናንተስ ቤት «የሚወጋኝ ነገር አለ» እያለ የሚኖር ማን ነው? እስካሁንስ ምን ገዛችሁለት?