የጉሬዛ ጥሩምባ በሦስት ቤት

እስቲ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። አውሬ ፕሮግራም በሚጽፍበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት በዚያ በጥንቱ ዘመን የሆነውን ላጫውታችሁ።

ጣቱ ፈጣን፣ ልቡ ችኩል የሆነ አያ ጉሬዛ የሚባል ፕሮግራም ጸሐፊ ወንዝ ዳር ካለ ሾላ ላይ ይኖር ነበር። ወንዙ በየክረምቱ ሳይታሰብ እየሞላ ጎጆ ይጠርግ ስለነበር ጉሬዛ አንድ ፕሮግራም ሠራ። ከወንዙ ራስ ጉማሬ ውሃው የደረሰበትን ከነሰዓቱ ይልካል፤ ውሃው ከፍ ካለ ፕሮግራሙ በየቤቱ ጥሩምባ ይነፋል። ጉሬዛ ፕሮግራሙን አልሸጠውም፣ አልደበቀውም። የፈለገ ያንብበው፣ የቻለ ያሻሽለው ብሎ ለሁሉም ክፍት አደረገው። ጃርት ጨመረችበት፣ ቆቅ ጨመረችበት፣ ሁሉም እጁን አሳረፈበት።

ታዲያ አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር የምትሞክረው እመት ኤሊ ነበረች። በጉሬዛ ላፕቶፕ ትሞክራለች፤ ገደሉ አፋፍ ወጥታ በሽኮኮ ስልክ ትሞክራለች፤ ወንዝ ዳር ወርዳ በራሷ አሮጌ ኮምፒውተር ትሞክራለች። ሦስት ቤት፣ ሦስት ቀን።

ክረምቱ ሲቃረብ ጉሬዛ ጥሩምባው ቶሎ እንዲነፋ አድርጎ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፈው። ላፕቶፑ ላይ ቢሞክረው ጫካውን አናጋው። ደስ አለውና ዛሬውኑ ለሁሉም ይላክ አለ። ኤሊ ሦስት ቀን ታገሰኝ ብትለው አሻፈረኝ አለ።

«እኔ ጋ ይሠራል፣ እመት ኤሊ» አላት።

«አንተ ጋማ ይሠራል» አለችው። «አንተ ግን ዛፍ ላይ ነህ። ውሃው የሚመጣው እኔ ቤት ነው፤ ልጆቼ ደግሞ ዛፍ አይወጡም።»

ጉሬዛ ከዛፉ ወረደ። በእሷ እርምጃ እያዘገመ አብሯት ሄደ።

ሽኮኮ ቤት ሲደርሱ ስልኩ ዝም አለ። ምነው ቢሉት፣ እሱ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደሆነ፣ ጉማሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ የላከው የሙከራ ወሬም ከስድስት ሰዓት በፊት የተላከ አሮጌ ወሬ መስሎት እንደተወው ነገራቸው። ጉሬዛ ሁሉም ከንጋት የሚቆጥር መስሎት ነበር። እዚያው ቁጭ ብሎ አስተካከለው፤ ስልኩም ነፋ።

ኤሊ ቤት ሲደርሱ አሮጌው ኮምፒውተርም ዝም አለ።

«የጥሩምባውን ድምፅ ፋይል በፀሐዩ ፀ አስቀምጠህ በጸሎቱ ጸ ትጠራዋለህ» አለው ኮምፒውተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኔ የማነበው የተጻፈልኝን ነው። እንዲህ የሚባል ፋይል የለኝም።»

የጉሬዛ ላፕቶፕም ሆነ የሽኮኮ ስልክ ሁለቱን ፊደል ስለማይለዩ ጉሬዛ ስህተቱን አይቶት አያውቅም። የኤሊ ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለው ጥሩምባውን ይጠብቁ ነበር። ጉሬዛ አያቸው። እነዚህ ሁሉ ዲዳ ጥሩምባ አምነው ሊከርሙ ነበር። ፊደሉን አቃናው፤ ጥሩምባው ነፋ፤ ትንንሾቹ ኤሊዎችም በደስታ ተንከባለሉ።

አሁን በቃ ብሎ ከኤሊ ጋር ወደ ሾላው ቢመለስ ደግሞ ላፕቶፑ ዝም። ለስልኩ ብሎ የነካው ሰዓት የላፕቶፑን አበላሽቶታል። ጉሬዛ መጀመሪያ ተናደደ፤ ኋላ ግን ሳቁ መጣ።

«አንዱን በነካን ቁጥር ሦስቱንም ልንዞር ነው?» አላት።

«እስከዛሬ ምን ሳደርግ የኖርኩ መሰለህ?» አለችው ኤሊ።

ጉሬዛ ሰዓቱን ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ ጻፈው። ከዚያ ላፕቶፑን፣ ስልኩንና አሮጌውን ኮምፒውተር አነጋገራቸው። ከእንግዲህ ማንም አንዲት ፊደል ቢለውጥ ወዲያው ራሳችሁ ሞክሩት፤ ሦስታችሁም ካልነፋችሁ ለውጡ ማንም ቤት አይግባ አላቸው። ተስማሙ። የሦስት ቀኑ መንገድ የሦስት ደቂቃ ሆነ። ኤሊም ከዚያ ወዲያ የምትጠራው አንዱ አልነፋም ያለ እንደሆነ ብቻ ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጉማሬ ውሃው መሙላቱን ላከ። ሾላው ላይ ተነፋ፣ ገደሉ አፋፍ ተነፋ፣ ወንዝ ዳር ተነፋ። ኤሊ ልጆቿን አስከትላ ኮረብታውን ያዘች። ጉሬዛ ከዛፉ ወርዶ አሮጌውን ኮምፒውተር በጀርባው ተሸከመ፤ ኮምፒውተሩ ቀስ በል እያለ ይቆጣው ነበር። ጎርፉ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ጎጆ ነው። ኮረብታው ላይ ኤሊ ልጆቿን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፤ አንድም አልጎደለም። ዝናቡ እየወረደባቸው እስኪደክማቸው ድረስ ጨፈሩ።

እናላችሁ ልጆች፣ ለሁሉም የሚሆን ነገር የሠራ በሁሉም ቤት ይሞክረው፤ ይልቁንም ዝቅ ብሎ በሚኖረው ቤት። እኔ ጨረስኩ፤ የሰማ ጆሮ ይባረክ።