ያንቀላፉት ቆሮሶዎች

ውድነሽ ከኩሬዋ ዳር ስትቀመጥ ውኃው የሚያጫውታት ይመስል ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ቢሻው ግን ሌላው ነገሩን ሳይጀምር እርሱ ጨርሶ የሚሄድ ሰው ነበር። ከጣና በስተ ደቡብ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ከክትባት የሚሸሽ ሰው በታየ ቁጥር የምትነገረው ምሳሌ የተወለደችው በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ነው።

እኅትና ወንድም እናታቸው ባወረሷቸው ረግረግ መሬት ላይ ሁለት ኩሬ ጎን ለጎን ቆፍረው ቆሮሶ የሚባለውን አሣ ያረቡ ነበር። በአንደኛው ክረምት አሣዎቹ ገላቸው እየቆሰለ፣ ዓይናቸው እየፈጠጠ አለቁ። ቤተሰቡም ተሰብስቦ፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግመው ካለቁ ኩሬዎቹ ተደፍነው ጓያ እንዲዘራባቸው ቆረጠ። ለውድነሽ ይህ ቤቷን ከማፍረስ አያንስም ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ አንዲት የአሣ ሐኪም ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዛ መጣች። በኩሬዎቹ አዲስ የተጨመሩትን የአሣ ጫጩቶች በማደንዘዣ ውኃ አስተኝቶ ሆዳቸውን መውጋት፣ ከዚያም ደግ ተሕዋስያን ያሉበትን ዱቄት ከምግባቸው ጋር መቀላቀል እንደሚገባ ለሁለቱም አሳይታ፣ ድርሻቸውን ሰጥታ ሄደች።

ውድነሽ እንደ ተነገራት አደረገች። ቆሮሶዎቹ በነጩ ሳፋ ውስጥ ከብር እንደ ተሠራ ቅጠል ተጋድመው አንቀላፉ። አንዱን በመዳፏ ታነሣለች፣ ትወጋለች፣ ወደ ንጹሕ ውኃ ትመልሰዋለች፤ እርሱም ሩቅ አገር ደርሶ እንደ ተመለሰ ሕልመኛ ቀስ ብሎ ይነቃል።

ቢሻው በኩሬዎቹ መካከል ካለው እርከን ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

«እታለም፣ በዱቄቱ ደግሞ ጠላ ልትጠምቂላቸው ነው?»

«ደግ እንግዳ ሆዳቸውን ቀድሞ ከያዘው ክፉው መቀመጫ ያጣል» አለችው፣ ዓይኗን ከሳፋው ሳታነሣ።

«እኔስ ጤነኛ አልወጋም፤ ግፍ ነው። መድኃኒቱን የታመሙ ዕለት አወጣዋለሁ።»

ድርሻውንም በጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ውስጥ አደራ አስቀመጠ። ስንፍና አይደለም፤ ርኅራኄ ነው፤ በዚያ አገር ወደ ሐኪም የሚወሰደው የወደቀ ሰው ነበርና።

ነሐሴ ላይ፣ ጭጋግ ኩሬዎቹን በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ የቢሻው ቆሮሶዎች ዓይናቸው ፈጥጦ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። እየሮጠ ክትባቱን አመጣ፤ የታመሙትን አንድ በአንድ ለቅሞ አስተኛና ወጋ። ካስተኛቸው አብዛኞቹ ሳይነቁ ቀሩ፤ በሳምንቱም ኩሬው ጸጥ አለ። በውድነሽ ኩሬ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከጭጋጉ ሥር እንደ ጥላ ሲመላለሱ ከረሙ።

መስከረም ሲጠባ ቤተሰቡ ስለ ጓያው ሊመክር ተሰበሰበ። ለወትሮው ቀድሞ የሚናገረው ቢሻው ሁሉም እስኪያበቃ ጠበቀ። ከዚያም ተነሥቶ ጓያው እንዲቀር፣ የእርሱም ኩሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኅቱ እጅ እንዲሆን፣ እርሱ ራሱ ሳፋ ተሸካሚዋ ሆኖ እንደሚያገለግል አስታወቀ።

«የታመመ አንድም ሳይቀረኝ ወግቼ ነበር እኮ» ሲል ጨመረ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩት አክስታቸው እማማ ዝማም ግን ፈገግ ብለው «አይ ልጄ፣ መርፌ ለጤነኛ፣ ጸሎት ለበሽተኛ» አሉት።