የወደቀው ካፖርት

ሰው ይህችን መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን አባባል ሲሰማ ከገበሬ ደጅ የወጣች ይመስለዋል። ባልፈርድበትም፣ የተወለደችው ግን በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በስብሰባ መካከል ነው።

ወይዘሮ ስመኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን አመራር የምታሠለጥን ሴት ነበረች። ሥልጠናው ምን እንደጠቀመ መዝነሽ ነይ ተብላ ወደዚያ ወረዳ ተላከች። ውጤቱ ካማረ ለዞኑ ሁሉ ይዳረሳል፤ ካላማረ የዓመታት ልፋቷ እዚያው ይቀራል። በልቧ እየጸለየች ነው አዳራሹ የገባችው።

ሥልጠናውን የወሰዱት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምመላሽ ከፊት ተሰይመዋል።

«ከሥልጠናው ወዲህ ምን ተለወጠ?» ስትል ሠራተኞቹን ጠየቀች።

«ኧረ ሌላ ሰው ሆነው ነው የመጡልን!»

«ድሮ ይቆጡ ነበር። አሁንማ አባት ናቸው፣ አባት!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ስመኝ ግን አለቃ ባለበት እውነት እንደማይወጣ ታውቃለች። «አቶ ደምመላሽ፣ ለጥቂት ጊዜ ቢተዉን?»

«ምን ገዶኝ!» አሉና ካፖርታቸውን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ እንደተንጠለጠለ ትተው ወጡ።

«በሉ እንግዲህ፣ እኛው በእኛው ነን። ሳትፈሩ ንገሩኝ።»

ያው ምስጋና ሆነ። «ቢሯቸው በር አለው እንዴ? ዘው ብለን እኮ ነው የምንገባው!» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ፤ ሁሉም ሳቁ። ስመኝ በሆዷ «ተመስገን» አለች።

ይህን ጊዜ በመስኮት የገባ ነፋስ ካፖርቱን ነካው። ሸተት ብሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ በኪሱ ያለው የቁልፍ ዘለላ ተንቃጨለ።

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ወገቧን ይዛ ተነሣች። ያ «ዘው ብለን» ያለው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ ዓይን ሁሉ መሬት መሬት ነው።

«ኧረ በማርያም! ልብስ እኮ ነው የወደቀው! ተቀመጡ እንጂ!»

ማንም አልተቀመጠም። ስመኝ ለዞኑ ሁሉ ልታዳርሰው የነበረውን ነገር አሰበች።

የመዝገብ ቤቱ አዛውንት፣ ጡረታቸው የደረሰው ጋሽ ወንድይፍራው፣ ጎንበስ ብለው ካፖርቱን አነሱ። አቧራውን አራግፈው ወደ ቦታው መለሱትና ወደ እሷ ዞሩ።

«አይ ልጄ፣ የእኛን አፍ ጠይቀሽ ምን ልታገኚ? ክፉ ጋላቢ ያየ ፈረስ ከባዶ ኮርቻ ይበረግጋል።»